«ጊታሩን ሽጪና ወርቅ ግዢ» ለምትሉኝ

እህቶቼ፣ «የቤት ሠራተኛ ጊታር ምን ያደርግላታል? ሽጪውና ወርቅ ግዢ» ስትሉኝ ዝም ብዬ ከረምኩ። ዛሬ ግን ልመልስ።

ከቤይሩት የእሑድ ገበያ ሁለት አሮጌ ጊታር ገዝቼ ነበር። አንዱ ውስጡ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት የጃፓን ያማሃ ኤፍ ጂ 180 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 መሠራት የጀመረ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት። ሌላው ስም የለውም። ስም ያለውን ሸጬ የኢቃማዬን ከፈልኩበት። «ተሞኘሽ» አላችሁኝ። ምኑ ላይ? ያማሃው ፊቱ ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንገቱም ጎብጦ፣ ክሩ ከፍ ብሎ ጣቴን ያቆስለው ነበር። ዋጋው ይጨምራል ብሎ አልጋ ሥር ማስቀመጥ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው። ስም የለሹ ግን ፊቱ ሙሉ እንጨት፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ድምፁም ሞቅ ያለ ነው።

እናንተም ስትገዙ ከስሙ በፊት አንገቱን እዩ። የክሩ ማሰሪያ ከፊቱ አለመላቀቁን በጣት ዳስሱ። ለናይለን ክር በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር አትወጥሩ፤ ማሰሪያውን ይገነጥለዋል።

ወርቁንማ ስምንት ዓመት ሙሉ ለቤተሰብ ልኬያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የማዳም ነኝ፤ እሑድ ከሰዓት ጊታሬን ሳነሳ ብቻ የራሴ ነኝ። እሱንም ሽጪ ካላችሁኝ ምን ቀረኝ?