ቃል ያጠረው ልጅ ሲማታ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው ነገር ብዙ ቤተ ሰብ ከጎረቤት ሸሽጎ የሚይዘው ስለ ሆነ በትዕግሥት እንዲነበብልን አስቀድመን እንለምናለን። ይኸውም ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ አስተዳደግ ልዩነት ያለበት ልጅ፥ በዚያም ላይ ሐኪሞች ኤ. ዲ. ኤች. ዲ. የሚሉት ትኩረት ማጣትና አለመርጋት የተጨመረበት እንደ ሆነ፥ ድንገት ተነሥቶ ሲማታ፥ ሲነክስና ዕቃ ሲሰብር ወላጅ ምን ማድረግ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በገዛ ዘመዶቼ ቤት ያየሁት ነው። ታናሽ እኅቴ የምትኖረው በሰሜን ወሎ በቆቦ ከተማ ዳር ነው። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አላት፤ የሚናገረው ቃል ጥቂት ነው፤ ሐኪሞችም ከላይ የተባሉት ሁለቱ ነገሮች እንዳሉበት ነግረዋታል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ ክንድዋ በጥርስ ቆስሎ፥ ትንሺቱም ልጅዋ ከጓሮ ተደብቃ አገኘኋቸው። ባልዋ ከበሬው የፈታውን ገመድ በእጁ ይዞ ከደጅ ቆሞ ነበር።

«ወንድም ዓለም፥ አንተ ፊደል የቈጠርህ ሰው ነህ፤ ይህን ገመድ በልጄ እጅ ላይ ሳላይ አንድ ነገር በለኝ» አለችኝ።

እርሱም አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፥ ጠልቼው አይምሰልዎ። እኛ ማሽላው ውስጥ ሳለን ሕፃኒቱን አንድ ነገር ቢያደርግብኝ ለማን እናገራለሁ?» አለኝ።

የሁለቱም ነገር እውነት ነበረበት። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ከሥራዬ የተማርሁት አንድ ሕግ አለ፤ የተከሰሰ ሰው ቃሉ ሳይሰማ ፍርድ አይጻፍበትም። ይህ ልጅ ግን ቃል ስላጠረው ብቻ በየቀኑ ሳይሰማ ይፈረድበት ነበር። ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋቸውና ልጁ በተማታ ቍጥር አራት ነገር እንዲጽፉ ለመንኋቸው፤ ቀኑንና ሰዓቱን፥ ከመማታቱ አስቀድሞ የሆነውን፥ እርሱ ያደረገውን፥ ከዚያም በኋላ እነርሱ ያደረጉለትን። ገመዱም ለ30 ቀን ወደ በሬው እንዲመለስ ተስማማን።

ወሩ ሲፈጸም መዝገቡን አብረን አነበብነው። መጀመሪያ የታየን ነገር ጩኸት ነው። ጊዜው ማሽላ የሚያፈራበት ስለ ነበረ፥ የራያ ቆላ ልጆች ከንጋት ጀምረው በማማ ላይ ሆነው በጅራፍና በወንጭፍ፥ በእሪታም የግሪሳ ወፍ ያባርሩ ነበር። የልጁ ቍጣ ከግማሽ የሚበልጠው ጅራፉ በሚጮኽባቸው ሰዓቶች ተጽፎ ተገኘ። ቆቦ እ. ኤ. አ. በ2021ና በ2022 በጦርነት መካከል የነበረች ከተማ ናትና፥ የጅራፍ ድምፅ ለዚህ ልጅ ጆሮ ምን እንደሚያስታውሰው እርሱ ሊነግረን አይችልም።

ሁለተኛው ሕመም ነው። እንጀራ አልበላም ባለባቸው ቀኖች ጕንጩን እንደሚይዝ እናቱ ጽፋ ነበር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት መንጋጋው በስብሶ ተገኘ። ሦስተኛው ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ በገበያ ቀን ሳይነግሩት አንሥተው ሲወስዱት በመንገድ ይማታ ነበር።

አራተኛው ግን በእኛው በትልልቆቹ ላይ የመሰከረ ነው። ስልክ ተነጥቆ በተማታ ቍጥር፥ ዝም እንዲል ብለው ስልኩን መልሰው ይሰጡት ነበር። እንግዲህ ልጁ መማታት እንደሚያስገኝ ተማረ፤ አስተማሪዎቹም እኛ ነበርን።

ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ ያለ አይደለም። ዶክተር ሌኦ ካነር እ. ኤ. አ. በ1943 በአሜሪካ የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ ስለ ኦቲዝም በጻፈ ጊዜ፥ ልጆቹ የለመዱት ሥርዓት ሲለወጥባቸው እጅግ እንደሚታወኩና ብርቱ ድምፅ እንደሚያስፈራቸው አስተውሎ ነበር። ትኩረት ማጣትና አለመርጋት ሲጨመርበት ደግሞ ልጁ የተነሣውን ስሜት ለመግታት ጊዜ አያገኝም፤ አሳቡና እጁ ባንድነት ይነሣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዘመን ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ስለዚህ ነገሩ የእርግማን ወይም የወላጅ ኀጢአት ፍሬ አይደለም። እ. ኤ. አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ግን በአዲስ አበባ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ፥ ከ10ሩ 4 ያህሉ ምክንያቱ የመንፈስ ልክፍት ነው ብለው እንደሚያስቡ አሳይቷል። ጠበል የሚወስድም፥ ዱዓ የሚያስደርግም ወላጅ አይነቀፍም፤ ነገር ግን የታመመ ጥርስ ሐኪም ይሻል፤ በሰንሰለት ማሰርና ምግብ መከልከልም የማንም ጸሎት ክፍል አይደለም።

እንግዲህ ልጁ በሚቈጣበት ሰዓት የሚደረገው ይህ ነው። አስቀድሞ ሕፃናቱን ማራቅ፤ ቢላዋ፥ ድንጋይና የፈላ ነገር ከአጠገቡ ማንሣት፤ እሳት ወዳለበት እንዳይሄድ መንገዱን መከልከል። ቀጥሎ ጩኸቱን መቀነስ፤ የተሰበሰበውን ጎረቤት በትሕትና ማሰናበት። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ፥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አለሁ፤ ቁጭ በል» በመሰለ አጭር ቃል ያናግረው። በዚያ ሰዓት ምክርና ተግሣጽ አይሰማም፤ ቃል በበዛ ቍጥር ጩኸት ይጨመርበታል። በበትር መምታት ደግሞ የምንከለክለውን ነገር በገዛ እጃችን ማስተማር ነው። ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይገድል ለመያዝ ግድ ቢሆን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይሁን፤ በደረቱ ወይም በጀርባው ላይ መጫን፥ በግንባሩም መድፋት ትንፋሽ ያቋርጣልና ፈጽሞ አይደረግ።

ከበረደ በኋላ ውኃ ይሰጠው፤ ይረፍ። ያን ጊዜ የደከመ እንጂ የረታ ልጅ አይደለም፤ ፍርድና ወቀሳ አያስፈልገውም። እናትም ብትሆን ቁስልዋን አጥባ ለጥቂት ጊዜ ከሌላ ሰው ጋራ ትተካ፤ ሌሊትና ቀን ብቻዋን የቆመች እናት ትዕግሥትዋ ቢያልቅ አያስደንቅም።

ዋናው ሥራ ግን ከቍጣው አስቀድሞ ያለው ነው። በእኅቴ ቤት ወፍ በሚባረርበት ሰዓት ልጁ ከማሳው ርቆ፥ ወፍራም ግድግዳ ባለው በውስጠኛው ክፍል እንዲውል ተደረገ። ለገበያም ለመንገድም የሚወሰድ ሲሆን ከዋዜማው ጀምሮ ቅርጫቱን እያሳዩ ይነግሩታል። ቃል ስለሚያጥረው የውኃ፥ የእንጀራ፥ የመኝታና የ«በቃኝ» ሥዕል በወረቀት ተስሎለት፥ በጣቱ ሲያሳይ ወዲያው ይሰጠዋል፤ እጁን ከመሰንዘር ይልቅ ጣቱን መቀሰር የሚያስገኝ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። በመማታት የጠየቀውን ግን አይሰጡትም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ቍጣው ባሰ እንጂ አልቀነሰም፤ የተለመደ መንገድ ሲዘጋ እንዲህ ይሆናልና ወላጅ በዚያ ጊዜ አይመለስ።

የማይረጋ ልጅ ሲሮጥና ሲሸከም ይቀልለዋልና፥ አባቱ ጥዋት ጥዋት ድርቆሽ ለበሬዎቹ ያሸክመዋል። የእንቅልፉ ሰዓትም ተወሰነ፤ ያልተኛ ልጅ በማግሥቱ በጥቂት ነገር ይነዳልና።

ቍጣው ከወትሮው ተለይቶ ድንገት የባሰ እንደ ሆነ ግን ጥርሱን፥ ጆሮውን፥ ሆዱንና የሆድ ድርቀትን ማስመርመር ይገባል። ትኩሳት፥ ማንቀጥቀጥ፥ ራስን መሳት ወይም ከመውደቅ የመጣ የራስ ጉዳት ካለበት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሪስፔሪዶን የሚባል መድኃኒት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ብርቱ ቍጣ እንዲያበርድ በአሜሪካ እ. ኤ. አ. በ2006 ተፈቅዷል፤ ነገር ግን እንቅልፍ የሚያበዛና ክብደት የሚጨምር ስለ ሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ክትትል ከመደብር ገዝቶ መስጠት አደጋ ነው።

በአገራችን ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ለመናገር ከደፈሩት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በክብር ይታወሳሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ. ኤ. አ. በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ደከሙ። የነህምያ ማዕከልም በዚያው ከተማ ተጨምሯል። አዲስ አበባ ግን ከቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የማሽላ ገበሬ በየሳምንቱ ልጁን ይዞ ሊመላለስ አይችልም።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ መካከል በጤናና በትምህርት ሥልጣን የተሰጣችሁ፥ አንድ ነገር እንድታስቡበት እንለምናለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ትምህርት 9 የማኅበር ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ሐኪም ያልሆነ ሰው ተምሮ ሊያስተምረው ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ ይህ ትምህርት በእነርሱ በኩል እስከ ራያ ቆላ ቢደርስ ገመድ የያዘ አባት ሌላ ምክር ያገኛል።

የእኅቴ ልጅ ዛሬም ይማታል፤ ቍጥሩ ግን ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው። ትንሺቱም ልጅ ከጓሮ ወጥታ ከእርሱ ጋራ ትበላለች። በዚህ ዓመት ወፍ በሚባረርበት ወራት ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ አማቼ በሬውን በዚያው ገመድ ሲያስር አገኘሁት። ደብተሩ ሞልቶ ነበርና ሌላ ደብተር እንዳመጣለት ጠየቀኝ።