ስለ ዘፈን ጥብቅና

«ዘፈን ወጣቱን አበላሸው» እያሉ የሚያማርሩ እኩዮቼን ስሰማ እናደዳለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝና ከመዝሙር በቀር ዜማ ሁሉ የሰይጣን ወጥመድ ነው ተብዬ ነበር፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ይህንኑ አስተምሬአለሁ። ዛሬ ግን ከዚህ አሳብ ጋራ እሟገታለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን በአሜሪካ ጥቁሮች ታሪክ ተመልከተው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በፈረንጆች ኤፕሪል 1968 በተገደሉ በአራተኛው ወር ጄምስ ብራውን «ሴይ ኢት ላውድ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። በዚያ ዘመን የጨዋ ቃል ሆኖ የኖረው «ኒግሮ» ነበር፤ «ጥቁር» መባልን ከራሳቸው ወገን ብዙዎቹ እንደ ስድብ ይቆጥሩት ነበር። ዘፋኙ ያንኑ ስድብ አንሥቶ የኩራት ስም አደረገው፤ ተቀባዮቹም ሕፃናት ነበሩ። ልጅ በመልኩ እንዳያፍር ከዚህ የበለጠ ምን ስብከት ተሰበከ?

እኩዮቼ «ጩኸት ነው» ይሉኛል። ጩኸትስ ይሁን! ዘፈን እንጀራ እንደማይሆን፣ ሕግም እንደማይጽፍ ዐውቃለሁ፤ አንገቱን የደፋ ሰው ግን እንጀራውንም ሕጉንም አይጠይቅም።

እኛስ ብንሆን በጠቆረ ልጅ ስንስቅ የኖርን አይደለንምን? አንዲት ተማሪዬ በመልኳ እየተሰደበች ከኋላ ወንበር ተደብቃ ትቀመጥ ነበር። የምትወደውን የዘፈን ካሴት ስቀማት፣ «ቲቸር፣ ይህን ስሰማ እኮ መልኬን አልጠላም» አለችኝ። ተሳዳቢዎቹን አንድም ቀን አልቀጣሁም። ካሴቱን ግን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍሁበት።