ስድስቱን ቀን ማን ወሰዳቸው?

ባለፈው ወር በወንዛችን ልጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ የማከብራቸው ሰው ተነሥተው፣ ለገጠር ልጆቻችን ትምህርት ቤት ከማሠራት ይልቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሰዓት ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ብንቀጥር ይበቃል አሉ። «ልጆቹ በሳምንቱ ከብት ይጠብቃሉ፣ ቤተሰብ ያግዛሉ። እንግሊዝም እኮ በቪክቶሪያ ዘመን ድሃውን ያስተማረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ያውም እዚሁ፣ እኛ በምንኖርበት አውራጃ!» ብለው ሲቀመጡ ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ። ቤቴ ስገባ ግን ያጨበጨብኩበት እጄ አሳፈረኝ።

የምኖረው ሉተን ነው፣ ቤድፎርድሻየር። የከተማው እግር ኳስ ቡድን ቅጽል ስሙ «ባርኔጣ ሠሪዎቹ» ነው፤ ከተማዋን ያቆማት የገለባ ባርኔጣ ነበርና። ባርኔጣው የሚሰፋው ከተማ ውስጥ ነው። የሚሰፋበትን የስንዴ አገዳ ጉንጉን የሚሠሩት ግን የዙሪያው መንደር ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሕፃናት ስል የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችንም ጨምሬ ነው። ልጆቹ ተሰብስበው የሚጎነጉኑበት ቤት ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? «ትምህርት ቤት»!

እናት በሳምንት ጥቂት ፔኒ ትከፍላለች፣ አገዳውንም አስይዛ ትልካለች። የሴትዮዋ ሥራ ልጅቷ የተወሰነላትን ያርድ ጎንጉና መጨረሷን መቆጣጠር ነው። በ1860ዎቹ የሕፃናትን ሥራ እንዲያጠና የተቋቋመው የመንግሥት ኮሚሽን ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ጠባብ፣ የታፈነ ክፍል፣ የታጨቁ ልጆች፣ ማንበብን በተመለከተም ቢበዛ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ሁለት ጥቅስ። ከአስተማሪ ተብዬዎቹም ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። እናቴ ሰፌድ ስትሰፋ አክርማዋን በውኃ ታርስ ነበር፤ ከደረቀ ይሰበራላ። የቤድፎርድሻየር ልጆች ግን አገዳውን የሚያርሱት በአፋቸው ነው፣ ከንፈራቸው እስኪቆስል።

እንግዲህ ሰንበት ትምህርት ቤት የመጣው እንዲህ ባለው ሳምንት ላይ ነው። ሥራውን በ1780 በግሎስተር ያስፋፋው የጋዜጣ ባለቤቱ ሮበርት ሬይክስ እሑድን የመረጠው ልጆቹ በሌላው ቀን ሥራ ላይ ስለነበሩ ነው። በ1851 ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ በሰንበት ትምህርት ቤት የተመዘገቡት 2.4 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው «እሰይ!» ይላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው እሑድን የተማረው ሌላው ቀን ስለተሸጠበት? እሑድን ከማመስገናችን በፊት ስድስቱን ቀን ማን እንደወሰዳቸው እንጠይቅ እንጂ!

ሌላም አለ። ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ማንበብ እንጂ መጻፍ አያስተምሩም ነበር። አንዳንዶቹ መጻፍ ሥራ ነው፣ ሰንበትን ያሽራል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ምክንያታቸውን አልደበቁም። ከ1789 ጀምራ በሶመርሴት ገጠር ትምህርት ቤቶች የከፈተችው ሃና ሞር ለድሃ ልጅ መጻፍ እንዳይሰጥ ከልክላ ነበር፤ የምትፈልገው ጨዋና ታታሪ ሠራተኛ ነው። ውጤቱ በጋብቻ መዝገብ ላይ ይታያል። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ በስማቸው ምትክ የመስቀል ምልክት የሚያደርጉ ሙሽሮች ከበዙባቸው አውራጃዎች አንዱ ይኸው የኔው ቤድፎርድሻየር ነበር።

ይህ ለኔ ሩቅ ታሪክ አይደለም። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበር። በኛም በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብ ሌላ፣ ጽሕፈት ሌላ ሙያ ነው። እናም መቶ ሃምሳውን መዝሙር የሚያነበንብ ሰው፣ የመሬቱ ጉዳይ ሲመጣ ሌላ ሰው በጻፈለት ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አተመ። ማንበብ ብቻ የተማረ ሰው የመጣለትን ይቀበላል፤ የሚከራከረው የሚጽፈው ነው።

የኚያን ሰው ክርክር ከነጥንካሬው ልውሰደው። «ሰንበት ትምህርት ቤት ባይኖር እነዚያ ልጆች ምንም አያገኙም ነበር።» እውነት ነው። ያለ ደመወዝ ያስተማሩትን ሰዎች የምንቅ አይደለሁም። የገጠር ጸሎት ቤቶች መናገር የሚችሉ ገበሬዎችን አፍርተዋል። በ1872 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር የመራው ጆሴፍ አርች ራሱ የጸሎት ቤት ሰባኪ ነበር። ነገር ግን ያው አርች በዘጠኝ ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀን በ4 ፔኒ ከማሳ ላይ ወፍ ሲያባርር ነበር የሚውለው። በ1885 ፓርላማ መግባቱ የአንድ ብርቱ ሰው ታሪክ ነው። አብረውት ወፍ ሲያባርሩ የዋሉት ልጆችስ?

የልጅን ሰኞ ያስመለሰው ሕግና ገንዘብ ነው። የ1867ቱ ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በእንዲህ ያለ ሥራ ማሠራትን ከለከለ፤ መንደሮቹ ግን እንደ ልባቸው ጣሱት። የ1870ው ሕግ ትምህርት ቤት በሌለበት እንዲሠራ መንገድ ከፈተ፣ የ1880ው እስከ አሥር ዓመት መማርን ግዴታ አደረገ፣ የ1891ዱ ክፍያውን ለአብዛኛው ሰው አስቀረ። እውነቱን ለመናገር ገበያውም ረድቷል፤ ከቻይና ርካሽ ጉንጉን ሲገባ የሕፃናቱ ጣት ዋጋ አጣ። እናቶቹን አልፈርድባቸውም። ያቺ ሳንቲም ዳቦ ነበረች። ሀገር ቤት ያለው አባትም ልጁን ከብት የሚያስጠብቀው ጨክኖ አይደለም፣ ቸግሮት ነው።

ስለዚህ የማኅበራችን ገንዘብ መሄድ ያለበት ወደዚያው ችግር ነው። ለጋራ እረኛ ደመወዝ ይከፈል፣ ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነፃ ይሁን። ለመምህሩም ይከፈል። ደብተርና እርሳስም ይገዛ፤ ልጁ እንዲጽፍ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን የማወጣው ይህንን ለመናገር ነው። ምናልባት አይጨበጨብልኝም። ይሁን። እሑድማ ቀድሞም የእግዜር ነው፣ ማንም አልነካውም። እኔ የምጠይቀው ሰኞን ነው።