በግ ሲገዛ ላቱን የሚመዝን ሕዝብ ቤት ሲገዛ ዓይኑን ይጨፍናል

መቼም የአዲስ አበባ ሰው ገበያ ላይ ሞኝ አይደለም። ለበዓል በግ ሲገዛ ወገቡን ይጨብጣል፤ ላቱን ይመዝናል፤ ጥርሱን ገልጦ ያያል። ያረጀች ቶዮታ ለመግዛት ያሰበም መካኒክ ሳያስከትል ቀብድ አይከፍልም። ታዲያ ይኸው ብልጥ ሕዝብ ዕድሜ ልኩን ለሚከፍልበት ቤት ሲሆን ቁልፉን ይዞ፣ እልል ተብሎለት፣ «ተረክቤአለሁ» ብሎ ይፈርማል። ምን ተረከበ? እሱን ክረምት ይነግረዋል።

አቃቂ ቃሊቲ ወርዳችሁ ገላን ኮንዶሚኒየምን እዩ። ጉዳዩ የገላን ብቻ ሆኖ አይደለም፤ ገላንን ያነሣሁት በመሬቱ ምክንያት ነው። የአቃቂ ሜዳ መረሬ ነው። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ይወደዋል፤ መሐንዲስ ግን ይፈራዋል። አፈሩ ተቆፍሮ ካልወጣና በደህና ገረጋንቲ ካልተተካ ወለሉ ይነሣል፤ ግድግዳው ይተረተራል። ይህን ደግሞ ከቀለሙ በላይ ሆኖ የሚያይ ገዢ የለም።

ለዚህ ነው ባለሙያ ይዛችሁ ግቡ የምንለው። ልስን ላይ የወጣች የፀጉር ያህል ስንጥቅና ከመስኮት ጥግ ተነሥታ በሰያፍ የምትወርድ ስንጥቅ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛዋ የመሠረት ወሬ ልትሆን ትችላለች። ሙያተኛው ቱንቢ ይጥላል፤ ልስኑን እያንኳኳ የተንሳፈፈውን ይለያል፤ ሶኬቱን አንድ በአንድ ይሞክራል። የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ ደፍኖ ውሃ ያቁርና ታች ወርዶ ጣራውን ያያል። ይህቺ ቀላል እንዳትመስላችሁ! በስንቱ ብሎክ ላይኛውና ታችኛው ጎረቤት ሰላምታ የተከለካከሉት በዚችው ውሃ ነው። ጥፋቱ የግንበኛው፣ ጠቡ የጎረቤት!

ሕጉስ? ሕጉማ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ቤት ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። በአፈሩ ጠባይ ለሚመጣው ጉዳት ጭምር! ዳሩ ግን የኮንዶሚኒየም ባለዕድል ከተቋራጩ ጋር ምን ውል አለው? ተቋራጩን የቀጠረው መንግሥት፣ ሥራውን የተረከበው መንግሥት፣ ለባለዕድሉ የሸጠው መንግሥት፤ በ20/80 ደግሞ 80 በመቶውን የሚያበድረው ንግድ ባንክ፣ እሱም የመንግሥት። አቤት የሚባለው ለማን ነው? ለዚያው ለመንግሥት! በዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ጣራውና ደረጃው የጋራ ንብረት ስለሆኑ ጥገናው በነዋሪው ማኅበር ጫንቃ ላይ ያርፋል።

«ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግቤ ስጠብቅ ኖሬ ግድግዳው ተሰነጠቀ ብዬ ልመልሰው ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ያለ ማን ነው? ጉድለቱ ከፊርማው በፊት ይጻፍ ነው ነገሩ። ከፊርማ በኋላ የተገኘ ስንጥቅ «አንተ ምስማር ስትመታ ነው» ይባላል። በእንግሊዝ አገር አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው መርማሪ ቀጥሮ የጉድለት ዝርዝር ማስያዙ የተለመደ ነው። እኛ ዘንድም አንድ ብሎክ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ቢያዋጡ የአንድ ቀን የመሐንዲስ ዋጋ ማንንም አያደኸይም። ዛሬ ገላን ላይ በደላላ ለሚገዛ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ በታኅሣሥ የተቀባውን ቤት በነሐሴ ሄደህ እየው።

ቤቶች ልማትን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ባለዕድሉ ከመፈረሙ በፊት የራሱን ባለሙያ ይዞ ይግባ፤ ጉድለቱ ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ እጁ ላይ ይቅር። ቤቱ ደህና ከሆነ ምን ያስፈራል?