ስለሚደጋገመው የኤክሴል ማስጠንቀቂያ ለነጋዴዎች የቀረበ አስተያየት

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ የእህልና የሸቀጥ ንግድ ቤት ያላቸው ሰዎች የዕለት ሽያጫቸውንና የዱቤ መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ኤክሴል ማዛወራቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ እየሰፋ፥ በውስጡም የሚሳለው ግራፍ እየበዛ ሲሄድ፥ አንድ ዐይነት የስሕተት መልእክት በየጠዋቱ ይመላለሳል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ጸሓፊውን ይቈጣሉ፤ ጸሓፊው ኮምፒዩተሩን ይወቅሳል፤ ኮምፒዩተሩም ለጥገና ወደ ደሴ ይጫናል። እኔ ግን ጥፋቱ ከማሽኑ ሳይሆን ከመዝገቡ አያያዝ ነው እላለሁ፤ አያያዙን የሚወስኑትም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ እንጂ ጸሓፊው አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በትንሹ ነው። በሐምሌ ወር አንድ ሺት ይከፈትና የጤፉ፥ የማሾው፥ የስኳሩና የዘይቱ ሽያጭ ይጻፍበታል፤ ከጎኑም ሁለት ወይም ሦስት ግራፍ ይሳላል። ነሐሴ ሲገባ የሐምሌው ሺት ከነግራፎቹ ተቀድቶ ቀኑ ብቻ ይለወጣል። እንዲህ እየተቀዳ ሰኔ ሲደርስ፥ በመካከሉም «ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ግራፍ ይጨመርልኝ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ፥ ፋይሉ መዝገብም ሥዕልም ሪፖርትም ሆኖ ያርፋል። በቆየው የኤክሴል 2003 እትም ይህ ልማድ ተጨማሪ የፊደል ቅርጽ ሊገባ እንደማይችል የሚናገር መልእክት ያስከትል ነበር። በግራፉ ላይ ያለው ፊደል ከግራፉ መጠን ጋር በራሱ እንዲያድግና እንዲያንስ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ፥ ግራፍ በተቀዳ ቍጥር አዲስ የፊደል ቅርጽ ይመዘገባል፤ ለአንድ ፋይል የተፈቀደው ግን 512 ብቻ ነበር።

በአሁኖቹ እትሞች በብዛት የሚታየው፥ ያለው አቅም ሥራውን ለመፈጸም እንደማይበቃ የሚገልጸው መልእክት ነው። ይህን ያዩ ነጋዴ ወዲያው የሚያስቡት አዲስ ኮምፒዩተር መግዛትን ነው። ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ግን በኤክሴሉ ውስጥ «ፋይል»፥ ከዚያም «አካውንት»፥ ከዚያም «አባውት ኤክሴል» የሚለውን ያስከፍቱ፤ ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት ወይም ባለ 64 ቢት መሆኑ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ባለ 32 ቢት የሆነው እንደ እትሙ ከ2 ወይም ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ሚሞሪ ሊጠቀም አይችልም፤ ማሽኑ 16 ጊጋባይት ቢኖረውም የቀረው ለእርሱ እንደ ሌለ ይቈጠራል። ስለዚህ አዲሱ ማሽን ያው ፕሮግራም ከተጫነበት ያንኑ መልእክት ይዞ ይመጣል። ደግሞም ፋይሉን የሚያከብደው ሁልጊዜ ጽሑፉ አይደለም። በሺህ የሚቈጠር ባዶ ረድፍ ቀለም እየቀቡና መስመር እያሰመሩ መሄድን የሚወዱ የሙያ ባልደረቦች አሉን። ኮንትሮልና ኤንድ የሚባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ፥ መዝገቡ በ900ኛው ረድፍ አልቆ ሳለ ጠቋሚው 60,000ኛው ላይ ቢቆም፥ ከመዝገቡ በታች ያለው ባዶ ረድፍ ሁሉ ይሰረዝና ፋይሉ እንደገና ሴቭ ይደረግ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው፥ በሺቱ ያለ አንድ ቀመር ትክክል ያልሆነ ማጣቀሻ ይዟል የሚለው መልእክት ነው። ጸሓፊው ቀመሩን በየሴሉ ቢፈልግ አያገኘውም፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከሴሎቹ ሳይሆን ከግራፉ ውስጥ ነውና። አንድ ሺት ወይም አንድ ዓምድ ሲሰረዝ ከእርሱ የተሳለው ግራፍ ምንጩ ደርቆበት ይቀራል። እኔ በምሠራበት ቤት ይህ መልእክት አንድ ወር ሙሉ ፋይሉ በተከፈተ ቍጥር ይወጣ ነበር። ማሽኑ ወደ አንድ ጥገና ቤት ተልኮ ፎርማት ተደርጎ ተመለሰ፤ ሒሳቡም ተከፈለ፤ መልእክቱ ግን ከፋይሉ ጋር አብሮ ተመለሰ። በመጨረሻ የተገኘው ዱቤውን ከፍሎ ከሄደ ከአንድ ደንበኛ ግራፍ ውስጥ ነበር። አፈላለጉም ቀላል ነው፤ በየግራፉ ላይ ቀኝ ማውስ ተጭኖ «ሰሌክት ዳታ» የሚለው ሲከፈት፥ «ሬፍ» የሚል ምልክት የያዘው መስመር ይሰረዛል። እዚያ ከታጣ «ኔም ማኔጀር» በሚባለው ስፍራ ይታያል።

ፋይሉ የማይነበብ ነገር ስላለው ይጠገን ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፥ ሳያነቡ «የስ» የሚለውን መጫን ግን አደጋ አለው። ኤክሴል የሚጠግነው ያልተነበበለትን ክፍል ቈርጦ በመጣል ነውና፥ የሚጣለው ግራፉ ሊሆን ይችላል። በሴቭ መካከል መብራት ሲጠፋ ወይም ፍላሹ ያለ ጊዜው ሲነቀል ይህ ዐይነት ጕዳት ይደርሳል። አስቀድሞ ፋይሉ ይቀዳ፤ የተጠገነውም በሌላ ስም ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው በአንዱ ላይ ብቻ ይቀጥል። አንድ ጉዳይ በሁለት ቅጂ ሲለያይ የሚከተለውን፥ የ1881 ዓ.ም. ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ከተለያየባት ከጎረቤታችን ከውጫሌ በላይ የሚያውቅ ከተማ የለም።

መልእክቱ ቢያሰለችም አለመምጣቱ የባሰ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 15,841 የኮሮና ሕሙማን ከዕለቱ ሪፖርት ውጭ የቀሩት፥ ከላቦራቶሪዎች የመጣው ዝርዝር በቆየው የኤክሴል ፋይል ዐይነት ስለ ተቀመጠ ነበር፤ ያ ዐይነት 65,536 ረድፍ ብቻ ይይዛልና። አዲሱ ዐይነት 1,048,576 ረድፍ አለው። በቀን 100 ሽያጭ የሚመዘግብና በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሱቅ በዓመት 30,000 ረድፍ ይሞላል፤ በአሮጌው ፋይል በሦስተኛው ዓመት፥ ሁለት ወር ያህል እንደ ሠራ ቦታ ያልቅበታል።

የዘመን አቈጣጠራችንም እንዲሁ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆችን ወር ስለሆነ፥ ጥቅምት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በቍጥር ሲጻፍለት የየካቲት ሠላሳኛ ይመስለውና እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ በዚያ ቀን ላይ የተሠራ ቀመርም «ቫልዩ» የሚል ስሕተት ያወጣል። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 ያለውን ደግሞ አንዳች ሳያስጠነቅቅ ሁለት ቀን ብሎ ይቈጥራል፤ የዱቤ ቀነ ገደብ ለሚያሰላ ነጋዴ ይህ ጠብ ያመጣል። ጳጉሜንማ ከነጭራሹ ስፍራ የለውም። ስለዚህ ቀኑ፥ ወሩና ዓመቱ በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲጻፉ እመክራለሁ።

እንግዲህ ባለቤቶቹን የምለምነው ጸሓፊው ሁለት ፋይል እንዲይዝ እንዲፈቅዱለት ነው። አንደኛው ያለ ቀለምና ያለ ግራፍ የዕለቱ መዝገብ ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው የየወሩን ድምር ወስዶ ግራፉን ይሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዲስ እህል ሲገባ ምን ያህል ማሾ እንደሚገዛ የሚወሰነው በዚያ ግራፍ ነውና፥ አንድ ወር የጐደለው መስመር መጋዘኑን ያለ ገበያ ሊያስሞላ ይችላል። «ሁለት ፋይል ማገላበጥ ያደክማል» የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው፥ በወር አንድ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ ደሴ ደርሶ እስኪመለስ ስንት ቀን ሱቁ በወረቀት እንደሚሠራ ግን እነርሱም ያውቁታል። ሰኔ 30 ቀን የዓመቱ ፋይል ተዘግቶ አንዱ ቅጂ ከሱቁ ውጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ፤ ሐምሌ 1 ቀን የሚከፈተው አዲስ መዝገብም ካለፈው ዓመት የሚወስደው የዕቃውን ቀሪና የዱቤውን ቀሪ ብቻ ይሁን።