ፍሊት የዘንባባ መድኃኒት አይደለም

ጅጅጋ ውስጥ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በባንክ ቅርንጫፍ ወይም በሰርግ አዳራሽ የቆመ ዘንባባ ብዙ ጊዜ ጫፉ የደረቀ፣ ቅጠሉም ነጣ ነጣ ያለ ነው። የተለመደው ሕክምናም ይታወቃል፤ ለበረሮ የተገዛው ፍሊት ይነሳና ቅጠሉ ላይ ይነፋል፤ ጠንከር ያለ ከተፈለገ ማላታይን ከገበያ ይመጣል። ልማዱ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ ክልሉን ሲወር መድኅን የሆነው በአውሮፕላንና በመኪና የተረጨው ኬሚካል ነበር። ለአንበጣ ተገቢ ነው፤ መንጋ በጨርቅ አይወለወልም። የሳሎን ዘንባባ ላይ ግን ያው ዘዴ ሁለት ጊዜ ይሳሳታል፤ አንድም ተክሉን የጎዳውን ነገር አይነካውም፤ አንድም ያጠፋዋል የተባለውን ተባይ ያበዛዋል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። በብዛት የሚሸጠው አሬካ የማዳጋስካር ተወላጅ ነው፤ እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። ከቶጎ ውጫሌ እስከ ቀብሪ በያህ ባለው ሜዳ ደግሞ ደረቁ ወቅት ጅላል ሲገባ አየሩ ይደርቃል፣ አቧራ ከነፋሱ ጋር በር በተከፈተ ቁጥር ይገባል። በዚህ ላይ ማዕድን የሚበዛበት የጉድጓድ ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመርበታል። ውሃው ይተናል፤ ጨዉ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። በማሰሮው ከንፈርና በአፈሩ ላይ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ይኸው ነው፤ የቅጠሉን ጫፍ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ማሰሮው ደግሞ ለማማር ሲባል በሌላ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ ሥሩ በቆመ ውሃ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ ስለማይስብ ቅጠሉ እንደተጠማ ይጠወልጋል፣ የሚያየውም ሰው አዝኖ ውሃ ይጨምርለታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በፍሊት የሚድን አንድም የለም።

ተባይ ሲኖርስ? በደረቅ አየር ዘንባባን ቀድሞ የሚያጠቃው ስፓይደር ማይት ነው፤ በቅጠሉ ሥር ተደብቆ ጭማቂውን የሚመጥ፣ ቀጭን ድር የሚያደራ፣ በዓይን በጭንቅ የሚለይ ትንሽ ፍጥረት። ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ ለበረሮና ለትንኝ የተሠራው መርዝ ብዙም አይጎዳውም። እሱን የሚበሉትን ጥቃቅን አዳኞች ግን ይፈጃል። በሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዕድሜ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው፣ ጠላቶቹ በተመቱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከቀድሞው በዝቶ ይገኛል። ኬሚካል መግዛት የማያቅታቸው የዝዋይ ጽጌረዳ አምራቾች እንኳ ስፓይደር ማይትን የሚበላ ሌላ ማይት በእርሻቸው መልቀቅ የጀመሩት ተባዩ መድኃኒቱን እየለመደ ስላስቸገራቸው ነው። የፍሊቱ ማሟሟያ ቅጠል ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ቦታ እንደገና አይለመልምም። የዘንባባ ግንድ ደግሞ የሚያድገው ከአንዲት አናቱ ላይ ካለች እምቡጥ ነውና እሷ ከተጎዳች ግንዱ አበቃለት። ማላታይንን በተዘጋ ክፍል፣ እንግዳና ሕፃን በሚተነፍሰው አየር ውስጥ መርጨት ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያሻም።

«ከተነፋ በኋላ እኮ ሲረግፍ አይተናል» የሚል ይኖራል። የረገፈው በዓይን የሚታየው ነው፤ ቅጠሉ ሥር ያለው እንቁላል አልረገፈም። በፍሊት ፈንታ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው የሚያዋጣው፤ በዚህ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የውሃ ነው፤ ሰው ከቦቴ ውሃ በሚገዛበት አገር ዘንባባ ይታጠብ ማለት ቅንጦት ይመስላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልማዱን ግን አያድነውም። በየቀኑ የሚጠጣው ውሃ ቀርቶ አፈሩ ሁለት ጣት ያህል ሲደርቅ ብቻ ቢጠጣ የሚተርፈው ለመወልወያ ይበቃል፤ ለአንድ ተክል ግማሽ ሊትርና ሁለት ሦስት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። የውዱእ ውሃ ሳሙና ስለማይነካው በጎድጓዳ ዕቃ ቢጠራቀም ተክል ለማጠጣት ያገለግላል። ከካረን ዝናብ በጣሪያ የሚወርደው ደግሞ ጨው የለሽ ስለሆነ አንዴ በደንብ አፍስሶ ከሥር እንዲወጣ ማድረግ የከረመውን ጨው ያጥባል። የቢርካው ማጠራቀሚያ ውሃ ለሰውና ለከብት ነው፤ እሱን የሚጠይቅ የለም። ቡናማ ጋሻ ለብሶ ግንዱ ላይ የሚለጠፈውም ሆነ ጥጥ የሚመስለው ተባይ አልኮል በነካ ጥጥ ተጠርጎ ይነሳል። ይህን ሁሉ ማድረግ የማይችል መሥሪያ ቤት የፕላስቲክ ዘንባባ ይግዛ፤ ነውር የለውም።

የሆቴልና የባንክ ኃላፊዎች ሆይ፣ ተክሉን የምትንከባከበው የጽዳት ሠራተኛ የምታደርገው የታዘዘችውን ነው። ፍሊቱን ወደ መጋዘን መልሱት፤ እርጥብ ጨርቅ ስጧት፤ በሳምንት አንድ ቀን የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ እንድትወለውልም ጊዜ ፍቀዱላት።