አህያ ታገደ፣ ቤንዚን አለፈ

ማክሰኞ ማታ የልጅ ልጄ የኅብረተሰብ ትምህርት ቴስቷን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው። ከአሥር ስምንት። ደህና አያት ቢሆን ግንባሯን ስሞ ስለ ስምንቱ ይመርቃት ነበር። እኔ ዓይኔ የሄደው ወደ ሁለቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረችበት መንስኤ ምንድን ነው?» ሀ፦ የወልወል ግጭት። ለ፦ የድርቅ መከሰት። ሐ፦ ቅኝ ግዛት የማስፋፋት ፍላጎት። መ፦ መልስ የለም። ልጅቱ «ሐ»ን አክብባለች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ አጠገቡ አንድ ትልቅ «ሀ» አኑሮላታል። ከመጫኑ ብዛት ፊደሉ በወረቀቱ ጀርባ በኩል አብጦ ይዳሰሳል።

«ደሞ ወልወል ሊመጣብን ነው» ያላችሁ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ልክ ናችሁ። ባለፈው ሳነሳው «አሁንስ ይብቃህ» ብለው የደወሉልኝ ነበሩ። አልበቃኝም። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ መምህሩን ላናግረው ነበር፤ ልጅቱ «አባባ በእናትህ እንዳታሳፍረኝ» ብላ ለመነችኝና እዚህ መጣሁ።

ነገሩ የቃል ነገር ነው። አማርኛ «ሰበብ» የሚል ቃል አለው፣ «ምክንያት» የሚል ቃልም አለው፤ ሰፈር ውስጥ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አላየሁም። «ሰበበኛ» የተባለ ሰው ሙገሳ እንዳልሆነ ያውቃል። ትምህርት ቤት ግን ሁለቱን አንድ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ «መንስኤ» አላቸውና ነገር ተበላሸ። አህያ እንኳ ልዩነቱን ታውቃለች። «አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ» ያለችው እሷ ናት። ጉለሌ የምንኖር ሰዎች ደግሞ አያ ጅቦን በተረት ብቻ አይደለም የምናውቀው፤ ሌሊት ከእንጦጦ ወርዶ የቆሻሻ ገንዳችንን ይገለብጣል።

እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ አንድ ጎረቤት ነበረን። ስሙን አላነሳም፣ ልጆቹ አሁንም ሰላም ይሉኛል። ይህ ሰው በየክረምቱ የበሰበሰውን የባሕር ዛፍ ችካል ነቅሎ አዲስ ሲተክል አንድ ስንዝር ወደ እኛ ያስጠጋል። አንድ ስንዝር ብቻ። እናቴ ታያለች፣ ታጉረመርማለች፣ ቡና ታፈላና ትጠራዋለች፣ እሱም መጥቶ ይጠጣል። በስድስተኛው ወይ በሰባተኛው ዓመት ዶሯችን አጥሩን ሾልካ ጎመኑን ጫረችበት። ድንጋይ ወረወረ፣ እግሯ ተሰበረ፣ እናቴ ጮኸች፣ ሚስቱ ወጣች፣ ወንድሜ ዱላ ይዞ ወጣ፣ የእሱ ልጅ ተፈነከተ። የሰፈር ሽማግሌዎች ሦስት እሑድ ተቀመጡ። ዶሮዋ ስትገባ በሩ ክፍት ነበር ወይ? ድንጋዩን ወርዋሪው ዶሮዋን አይቶ ነው ወይስ እንዲሁ? እናቴ ስለ አጥሩ ልትናገር አፏን ስትከፍት «እሱን አሁን አታንሺው፤ የተሰበሰብነው ስለ ዶሮዋ ነው» አሏት። በሦስተኛው እሑድ «ሁለታችሁም አላጠፋችሁም፣ ታረቁ» ብለው ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። በቀጣዩ ክረምት ችካሉ አንድ ስንዝር ተጠጋ።

ወልወል ማለት ይህ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ያለ፣ ግመል የሚጠጣበት የውሃ ጉድጓድ ነው። ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተስማሙበት ወሰን ከባሕሩ ዳርቻ 180 ማይል ገባ ብሎ ያልፋል፤ ወልወል ከዚያ መስመር ወደ እኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ ነው ያለው። ጣሊያኖች ግን እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ መጥተው ምሽግ ሠርተውበት ተቀመጡ። በኅዳር 1927 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ኮሚሽን አጃቢ ወታደሮቹን ይዞ ሲደርስ የጣሊያን ባንዲራ ሲውለበለብ አገኘው። እንግሊዞቹ ነገር እንዳይመጣ ብለው ወደ አዶ ፈቀቅ አሉ። (ፈቀቅ ማለት ያውቁበታል።) የፊታውራሪ ሽፈራው ሰዎችና የካፒቴን ቺማሩታ ሰዎች እዚያው ጉድጓዱ ላይ ተፋጠው ቀሩ። ኅዳር 26 ከሰዓት በኋላ ተኩስ ተነሳ፤ ጣሊያን ብረት ለበስና አውሮፕላን ጨመረበት፤ ከእኛ ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ።

ከዚያ ካሣ ጠያቂው ማን ሆነ? ሙሶሊኒ። የሐረር ገዥ ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያው ወልወል ድረስ ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቁና ለጣሊያን ባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ፣ በዚያ ላይ 200,000 ማርያ ትሬዛ ብር እንዲከፈለው። እናቴን ዶሮዋ ለተመታችበት ድንጋይ ዋጋ ክፈይ እንደ ማለት ነው።

ጉዳዩ ለግልግል ዳኞች ተመራ። ዳኞቹ ግን አንድ ነገር ተከልክለዋል፤ ወልወል የማን መሬት እንደሆነ መመርመር አይችሉም። ጣሊያን በዚህ ካልሆነ አልዳኝም ብላለች፣ የመንግሥታቱ ማኅበርም እሺ ብሏል። አጥሩን ሳይነኩ ዶሮዋን መረመሩ። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. በአንድ ድምፅ ፍርድ ሰጡ፦ ለተኩሱ ሁለቱም ወገን ተጠያቂ አይደለም። ልክ በሰላሳኛው ቀን፣ መስከረም 22፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ጀበና ቡና የምጠጣበት ቦታ ያለ አንድ ወዳጄ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ «ጦርነት ሁሉ ድንገተኛ ነው» የሚል ፍልስፍና አለው። ያቺ የመጀመሪያዋ ጥይት ባትተኮስ ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር ይላል። የወረራው የመጀመሪያ አዛዥ ዴ ቦኖ ራሱ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ከሙሶሊኒ ጋር የመከሩት እ.ኤ.አ. በ1933 እንደሆነ፣ ከ1936 ማለፍ እንደሌለበትም መነጋገራቸውን ጽፏል ብዬ ነገርኩት። ወልወል ገና ስሙ ሳይነሳ ማለት ነው። «አንተ ጣሊያንኛ የት ታነባለህ?» አለኝ። እሱስ የት ያነባል?

ሌላው ዓለምም ከዚሁ የተለየ ነገር አላደረገም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1931 ሙክደን አጠገብ የራሳቸውን ሐዲድ ራሳቸው አፈንድተው ቻይኖች ናቸው አሉና ማንቹሪያን ያዙ። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1939 ነሐሴ መጨረሻ ላይ የራሱን ሰዎች ግላይቪትስ ወደሚባል የራዲዮ ጣቢያ ልኮ ፖላንዶች አጠቁኝ አለ፤ በማግስቱ ፖላንድ ገባ። አንዱ ሐዲድ፣ አንዱ ጉድጓድ፣ አንዱ ራዲዮ። የልጅ ልጄ መምህር ይህን ቢፈትን ምን ሊል ነው? የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መንስኤ፦ ሀ፦ ራዲዮ?

ግን ንዴቴ መንገድ አሳተኝ። ጣሊያን ላይ ስለተጣለው ማዕቀብ ልነግራችሁ ነበር፤ በዚህ ሳምንት መጽሐፍ ሳገላብጥ ቀን ስቆጥር አንድ ነገር አገኘሁና ብቻዬን ስስቅ አመሸሁ።

ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የመስቀል ዕለት። ደመራው የወደቀበትን አቅጣጫ አይተው ደግ ነው ያሉ ሽማግሌዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። 12 ዓመት ቆይቶ ጣሊያን ስትወረን ማኅበሩ ወራሪ ናት ብሎ ፈረደ፣ ማዕቀብም ጣለ። ማዕቀቡ ሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 8 ቀን 1928 ነው። ኅዳር 8ን ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሰው ያውቃታል፤ አርባዕቱ እንስሳ ናት። አሁን ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ ከታገዱት ነገሮች ዝርዝር አናቱ ላይ ያሉትን ልጥቀስላችሁ፦ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመል። አራት እንስሳ፣ በአርባዕቱ እንስሳ ቀን! ጄኔቫ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ስንክሳር አያነቡም፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ ይከብደኛል።

ከእንስሳቱ ቀጥሎ ጎማ አለ፣ ቆርቆሮና ኒኬል አለ። ቤንዚን የለም። ድንጋይ ከሰል የለም። «ቤንዚኑ ይጨመር» ተብሎ ተነሣ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሙሶሊኒ ካሚዮን ግን በአህያ አይጎተትም፤ መርዝ የሚረጨው አውሮፕላንም ገብስ አይበላም። ሙሶሊኒ በኋላ ለሂትለር «ቤንዚን ቢከለክሉኝ ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ እወጣ ነበር» እንዳለው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል።

ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ከእንጦጦ ጭራሮ ጭነው የሚወርዱትን አህዮች ሳያቸው ኮራሁባቸው። አንዷ መንገዱ መሐል ቆማ አልንቀሳቀስም ብላ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን አንባረቀባት። ታግዳ የማታውቅ ትመስላለች።

ቅዳሜ ልጅቱን ይዤ ስድስት ኪሎ ወረድኩ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ ወደ ሰማይ የሚወጣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ ሙሶሊኒ በሥልጣን ላይ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ጣሊያን ሲወጣ አላፈረስነውም፣ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጥንበት። ልጅቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ደረጃዎቹን በጣቷ ቆጠረች። «ቢቆይ ኖሮ ይጨምሩበት ነበር?» አለች። ይጨምሩበት ነበር። «አንበሳው ግን ትንሽ ነው» አለች። እሱም እውነት ነው።

ከዚያ በእግር ወደ አፍንጮ በር። የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ሰፈራችን አንድ ኮሪያ ዘማች ነበሩ፣ አሥር አለቃ እንላቸው ነበር፣ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። እኔ በወጣትነቴ ስለ ቃኘው ሻለቃ ብዙ አውቃለሁ ብዬ አሰለቻቸው ነበር። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ቆመው የለመኑትን ማንም አልሰጣቸውም፤ በ1942 ኮሪያ ስትወረር «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይነሣ» የሚለውን ቃል ማንም ባያከብረው እኔ አከብረዋለሁ ብለው ከክብር ዘበኛ ወታደር ላኩ፣ በራስ መኮንን ፈረስ ስም «ቃኘው» ብለው፤ ከ6,000 በላይ ሰው በየተራ ሄደ፣ ከ120 በላይ አልተመለሰም፤ ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ የአህያ ዝርዝር ነው እላቸው ነበር። አሥር አለቃ ጋቢያቸውን አስተካክለው አንድ ጊዜ ብቻ መለሱልኝ። «ልጄ፣ እሱን ንጉሡ ያውቁታል። እኔ ተሰለፍ ተባልኩ፣ ተሰለፍኩ። ብርዱን ግን ልንገርህ?» አሉና ስለ ብርዱ እስኪመሽ አወሩኝ። የበረደ ብረት ጣት ይዞ እንደሚቀር፣ ጓደኛቸው ጫማውን ካወለቀ በኋላ መልሶ ማጥለቅ እንዳቃተው።

ይህን ለልጅቱ ነገርኳት። በጥሞና ሰማች። ሰበብና ምክንያትም ገብቷታል፤ እንዲያውም የዶሮዋን ታሪክ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀች፣ ዶሮዋ ድና እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ። (አልዳነችም፣ ለፋሲካ ታረደች።) ወደ ሽሮ ሜዳ የሚመለሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቆም ቦርሳዋን ወደ ፊት አዙራ አቀፈችና፣

«አባባ፣ ማጠቃለያ ፈተናው ላይ ግን ‹ሀ› ነው የማከብበው» አለች።

«ለምን?»

«ሁለት ማርክ አለው።»

ታክሲው መጣ፤ ገባን።